ቀይ ባሕር የዋጠው ኬብልና የኦም ልደት

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያሳልፉ፣ ወሬው ለንደን ለመድረስ ረጅም መንገድ ይጠብቀው ነበር። የእንግሊዝ ጦር የዘረጋው የመስክ ቴሌግራፍ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ወደ ደጋው ጥቂት ዘልቆ ነበር፤ ነገር ግን ዙላ ላይ ሲደርስ ሽቦው ያልቃል። ከዙላ እስከ ስዊዝ ያለውን መንገድ መልእክቱ ቀይ ባሕርን በርዝመቱ እየቀዘፈ፣ በመርከብ መሄድ ነበረበት። የኒውዮርክ ሄራልዱ ጋዜጠኛ ሄንሪ ስታንሊ የስዊዝን የቴሌግራፍ ሠራተኛ አስቀድሞ አባብሎ ወሬውን ከመንግሥት መልእክት በፊት ለንደን ማድረሱ እስከ ዛሬ ይተረካል። ስታንሊን የሚያስመሰግነው ብልጠቱ ነው። የማይተረከው ግን ያ ብልጠት ለምን ዋጋ እንዳገኘ ነው። በዚያ ባሕር ወለል ላይ ሌላ ኬብል ተኝቶ ነበርና፤ ግን ሞቶ።

ያ ኬብል የተዘረጋው በ1859 ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከስዊዝ ተነሥቶ በቁሴይርና በሱዋኪን በኩል ዓደን ደረሰ፤ በ1860 መጀመሪያ ደግሞ በዐረቢያ ደቡባዊ ዳርቻና በመስካት አልፎ እስከ ካራቺ ተቀጠለ። ሕንድን በሚያህል ግዛት ላይ የተሾመ መንግሥት ትእዛዙ ሳምንታት የሚፈጅበት መሆኑ እንቅልፍ ይነሣው ስለነበር፣ የእንግሊዝ ግምጃ ቤት ኬብሉ ሠራም አልሠራም ለባለአክሲዮኖቹ በየዓመቱ 36 ሺህ ፓውንድ ለ50 ዓመት ሊከፍል ዋስ ሆነ። ኬብሉ ቀጭን ነበር። ባሕሩ ውስጥ የተዘረጋውም እጅግ ተወጥሮ ስለነበር፣ ወጣ ገባ ከሆነው የባሕር ወለል በላይ እንደ ገመድ ተንጠለጠለ። ሞቃታማው ውሃ የባሕር ፍጥረታትን አበቀለበት፤ ክብደቱ በዛ፤ ተበጠሰ። በ1860 ክፍሎቹ በየተራ ዝም አሉ። ግምጃ ቤቱ ግን ለሞተ ኬብል መክፈሉን ቀጠለ።

ኪሳራው ከባድ ቢሆንም ከዚህ ኬብል የተረፈ አንድ ነገር አለ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚቆጠረው የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ኦም፣ የተወለደበትን ክርክር ያካሄዱት ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው በዚህ ኬብል ላይ የሠራ ሰው ነበራቸው። ክርክሩም በሁለት ተመሳሳይ ቃላት መካከል ስላለ ልዩነት ነበር።

በእንግሊዝኛ ሬዚስታንስ እና ሬዚስቲቪቲ የሚባሉት ቃላት ወደ አማርኛ ሲመጡ ብዙ ጊዜ አንድ ላይ ይወድቃሉ፤ ሁለቱም «ተቃውሞ» ይባላሉ። ቃሉ በራሱ የተመቸ አይደለም፤ ተቃውሞ ሲባል አንባቢ ሽቦን ሳይሆን ሰልፈኛን ያስባል። ችግሩ ግን የአማርኛ ብቻ አይደለም። ጀርመኖች ሁለተኛውን «ልዩ ተቃውሞ» እንደ ማለት አድርገው ይጠሩታል፤ እንግሊዞችም የተለየ ቃል ከማግኘታቸው በፊት ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ይሉት ነበር። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ሁለተኛው ባሕርያዊ ተቃውሞ ይባል።

ተቃውሞ የአንድ የተወሰነ ዕቃ ነገር ነው። ይህ ሽቦ፣ በዚህ ርዝመት፣ በዚህ ውፍረት፣ በዚህ ሙቀት የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያህል ያግዳል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ባሕርያዊ ተቃውሞ ግን ዕቃው የተሠራበት ነገር ጠባይ ነው፤ መዳብ መዳብ በመሆኑ፣ ብረት ብረት በመሆኑ የሚይዘው። ገበያ ላይ ቆሞ «ጤፍ ስንት ይመዝናል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሳቂያ ይሆናል፤ ምን ያህሉ ጤፍ? «አንድ ቁና ጤፍ ስንት ይመዝናል?» ካለ ግን ጥያቄው መልስ አለው፤ አንድ ቁና ኑግ ወይም አንድ ቁና ገለባ ጎን ለጎን አስቀምጦም ማወዳደር ይችላል። የጆንያው ክብደት እንደ ተቃውሞ ነው፤ ጆንያው ሲበዛ ይበዛል። የቁናው ክብደት እንደ ባሕርያዊ ተቃውሞ ነው፤ ጎተራው ሙሉም ሆነ ባዶ አይለወጥም።

ለሽቦ ቁናው ርዝመትና ውፍረት ነው። ሽቦ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው እጥፍ ይሆናል፤ ሲቆረጥ የሚታየው ፊት ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ተቃውሞው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ፊት ሰጥቶ፣ አንድ ኦም ለመሙላት ስንት ሜትር እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ይቻላል። መዳብ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 58 ሜትር ያስፈልገዋል። ብር ከዚያ ጥቂት ይበልጣል፤ አሉሚኒየም 35 ሜትር ገደማ፤ ብረት 10 ሜትር ያህል። ለማሞቂያ የሚሠራው የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ፣ ኒክሮም፣ አንድ ሜትር እንኳ ሳይሞላ አንድ ኦም ይሆናል።

ይህ ልዩነት በየቤቱ ወጥ ቤት አለ። የኤሌክትሪክ ምድጃ መጠምጠሚያ ሽቦ ሲበጠስ ብዙ ሰው ሁለቱን ጫፎች ስቦ ያጠላልፋቸውና እንደገና ያበራዋል። ምድጃው ይሠራል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይበልጥ ይግላል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እንደገና ይቃጠላል፤ እንደገና ይጠላለፋል፤ በመጨረሻ አያገለግልም። የሽቦው ባሕርያዊ ተቃውሞ ያው ነው፤ ኒክሮም ኒክሮም ነው። በየጥገናው የሚያጥረው ርዝመቱ ነው፤ ሲያጥር ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ተቃውሞው ሲቀንስ ከግድግዳው የሚስበው ፍሰት ይጨምራል፤ ግለቱም እንዲሁ። ጠጋኙ «ሽቦው ደካማ ሆነ» ሲል ያማርራል፤ ሽቦው ግን የደከመው በማጠሩ ነው።

ይህን ያህል ግልጽ የሚመስለው ነገር ለመገለጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1821 ብረቶች ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ እንደሚለያዩ፣ የሽቦ ርዝመትና ውፍረትም ወሳኝ መሆኑን አሳየ። በኮሎኝ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ጀርመናዊው ጌዮርግ ሲሞን ኦም በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ፍሰትን፣ ግፊትንና ተቃውሞን በአንድ ቀላል ሕግ አያያዛቸው። የአገሩ ሊቃውንት መጽሐፉን በቅዝቃዜ ተቀበሉት፤ ታላቁ ክብር የመጣለት በ1841 ከለንደን፣ ከሮያል ሶሳይቲ ነበር። ሕጉ ተገኘ፤ ቁናው ግን አልተገኘም። እያንዳንዱ ተመራማሪ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሽቦ መለኪያ አድርጎ ይሠራ ነበርና አንዱ የለካውን ሌላው ሊያነበው አልቻለም።

በ1848 በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ሞሪትዝ ያኮቢ መፍትሔ ያለውን ሐሳብ አመጣ። 7.6 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አንድ የመዳብ ሽቦ አዘጋጅቶ፣ «ይህ ሽቦ አንድ ይባል» ብሎ ቅጂዎቹን ለየአገሩ ሊቃውንት ላከ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ያኮቢ የላከውን ሽቦ እጁ ያስገባ ሰው በእርግጥ ሊለካበት ይችል ነበር። ሽቦው የጠፋበት ሰው ግን በዚያው ርዝመትና በዚያው ክብደት ሌላ የመዳብ ሽቦ ቢያሠራ ያው ተቃውሞ አይወጣለትም። ያኮቢ የላከው ተቃውሞ ነበር፤ ባሕርያዊ ተቃውሞውን ሊልክ አልቻለም። «መዳብ» የሚለው ስም አንድ ይሁን እንጂ መዳቡ አንድ አልነበረም።

ይህን በገሃድ ያወጣው የአትላንቲክ ኬብል ነው። በ1857 የአየርላንድና የኒውፋውንድላንድ ዳርቻዎችን የሚያገናኘው ኬብል ሲሠራ፣ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን) ከየፋብሪካው የተገኙ የመዳብ ሽቦዎችን ሰብስቦ ለካ። ነጋዴው ሁሉንም ጥሩ መዳብ ብሎ ነበር የሸጣቸው፤ ዓይንም አይለያቸውም። የማስተላለፍ ኃይላቸው ግን ከምርጡ እስከ መናኛው እጥፍ ሊደርስ እስኪቃረብ ይለያይ ነበር። ይህ ማለት ሁለት ኬብሎች በርዝመት፣ በውፍረትና በክብደት እኩል ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ግማሽ ብቻ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ለሺዎች ማይል ኬብል ይህ ቀልድ አይደለም፤ ተቃውሞው በጨመረ ቁጥር ምልክቱ እየዘገየና እየተድበሰበሰ ይደርሳልና።

ቶምሰን ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሽቦ ሁሉ በፋብሪካው ውስጥ እየተለካ እንዲመረጥ አደረገ። ለመጀመሪያው ኬብል ግን ዘግይቶ ነበር፤ አብዛኛው ተሠርቶ አልቋል። ነሐሴ 1858 ኬብሉ ተዘረጋ፤ የንግሥት ቪክቶሪያ 98 ቃላት ያሉት ሰላምታ ለመተላለፍ 16 ሰዓት ፈጀ። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበረው ዊልድማን ዋይትሃውስ ሙያው ሐኪም ሲሆን፣ የዘገየውን ምልክት በጉልበት ለመግፋት ሁለት ሺህ ቮልት የሚገመት ኃይል ለቀቀበት። ሦስት ሳምንት ያህል እንደሠራ ኬብሉ ዝም አለ። ዋይትሃውስ ብቻውን ጥፋተኛ መደረጉ ትክክል አይደለም፤ ኬብሉ ሲሠራም ሲጓጓዝም የተጎዳ ነበር። ሆኖም ሰውየው ያልገባው ነገር በመዳቡ ባሕርይና በኬብሉ ርዝመት የሚመጣውን መዘግየት ኃይል በመጨመር ብቻ ማሸነፍ አይቻልም የሚለው ነበር።

የቀይ ባሕር ኬብል የተዘረጋው ይህ ውድቀት ገና ትኩስ ሳለ ነው። የኬብሉን ኤሌክትሪክ ለመፈተን ከበርሊን የመጣው ቨርነር ሲመንስ ከመርከቧ ላይ ሆኖ ኬብሉ ወደ ባሕር በወረደ ቁጥር ይለካ ነበር። የመልስ ጉዞው ሳይለካ ከጻፈው ሁሉ ይበልጥ ይነበባል። ሲመንስ የተሳፈረባት አልማ የተባለች የመንገደኞች መርከብ በሰኔ 1859 ሌሊት በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ ከኮራል ዐለት ጋር ተላተመች። ተሳፋሪዎቹ፣ ከእነርሱም መካከል የሆንግ ኮንግ ገዢ የነበሩት ሰር ጆን ባውሪንግ፣ ጥላ በሌለው ዐለት ላይ በውሃ ጥም ሲንገላቱ ቆይተው የጦር መርከብ ደረሰችላቸው። ከ136 ዓመት በኋላ ኤርትራና የመን የተዋጉባቸው ደሴቶች እነዚህ ናቸው።

ሲመንስ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1860፣ የራሱን ቁና ለዓለም አቀረበ። ሐሳቡ ከያኮቢ የተለየ ነበር። ሽቦ አልላከም፤ አሠራሩን ጻፈ እንጂ። ሜርኩሪ የተባለውን ፈሳሽ ብረት ማንም ሰው በየትም ቦታ በማንጠር ንጹሕ ሊያደርገው ይችላል፤ ፈሳሽ በመሆኑም እንደ ሽቦ በመወጠር ወይም በመቀጥቀጥ ጠባዩ አይለወጥም። ስለዚህ በዜሮ ዲግሪ ሙቀት፣ አንድ ሜትር ርዝመት፣ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ፊት ያለው የሜርኩሪ ዓምድ ተቃውሞ «አንድ» ይባል። እዚህ ላይ ሁለቱ ነገሮች በጥንቃቄ ተለያዩ። ባሕርያዊ ተቃውሞውን ተፈጥሮ ትሰጣለች፤ ርዝመቱንና ስፋቱን ሰው ይለካል፤ ከሁለቱ ተቃውሞ ይወጣል። መለኪያው ቢሰበር በጻፈው መሠረት ሌላ ይሠራል።

በዚያው በ1859 ኬብሉ በሚሠራበት በበርከንሄድ ፋብሪካ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር፤ ስሙ ፍሊሚንግ ጄንኪን። (የደሴቲቱን የባሕር ወንበዴ ታሪክ የጻፈው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ኋላ ኤዲንብራ ላይ ተማሪው ሆነ፤ የሕይወት ታሪኩንም ጻፈ።) ጄንኪን ያተኮረው በመዳቡ ላይ ሳይሆን መዳቡን በሸፈነው በጉታ ፐርቻ ላይ ነበር። ይህ ከእስያ ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ውሃው ከመዳቡ ጋር እንዳይገናኝ የሚከለክል ነው። ፍጹም ከልካይ ግን የለም፤ እርሱም ጥቂት ያሳልፋል። ጄንኪን ለቀይ ባሕር በሚሠራው ኬብል ላይ የለካው የጉታ ፐርቻ ባሕርያዊ ተቃውሞ ለከልካይ ነገር ከተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ልኬቶች አንዱ ሆነ። መዳብ ሲሞቅ ተቃውሞው ቀስ በቀስ፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከመቶ 0.4 ገደማ፣ ይጨምራል። ጉታ ፐርቻ ግን ሲሞቅ በተቃራኒው መከልከሉን በፍጥነት ያጣል። በእንግሊዝ ብርድ የተፈተነ ኬብል ስለ ቀይ ባሕር ሙቀት ብዙ አይናገርም።

የሁለቱ ኬብሎች ኪሳራ የእንግሊዝን መንግሥት አስደነገጠ። የተሾመው መርማሪ ኮሚቴ በ1861 ባወጣው ዘገባ እስከዚያ ጊዜ በባሕር ከተዘረጋው ከ11 ሺህ ማይል በላይ ኬብል የሚሠራው 3 ሺህ ያህሉ ብቻ መሆኑን ገለጠ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ለተቃውሞ አንድ መለኪያ እንዲወጣ ኮሚቴ አቋቋመ። አነሣሹ ቶምሰን ነበር፤ ጄንኪን ዋና ሠራተኛው ሆነ፤ ጄምስ ክለርክ ማክስዌልም ገባበት። ኦገስተስ ማቲሰን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ደግሞ መዳቡ ለምን እንደሚለያይ ምክንያቱን አገኘ። ኢምንት አርሴኒክ ወይም ሌላ እድፍ የመዳብን ማስተላለፍ ክፉኛ ያዳክመዋል፤ ከስፔን የሪዮ ቲንቶ ማዕድን የወጣ አንድ መዳብ ከንጹሑ 14 ከመቶ ያህል ብቻ ያስተላልፍ ነበር። ማቲሰን የሲመንስን ሜርኩሪ አልወደደውም፤ የወርቅና የብር ቅይጥን መረጠ። ሁለቱ በመጽሔት የተለዋወጡት ክርክር መራራ ነበር።

የኮሚቴው መንገድ ከሁለቱም የራቀ ሆነ። ማክስዌልና ጄንኪን በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በ1863 እና በ1864 በምድር መግነጢሳዊ ኃይል ውስጥ የሽቦ ጥምጥም እያሽከረከሩ፣ ተቃውሞን በርዝመትና በጊዜ ልኬት ብቻ ለመግለጥ ሞከሩ። እንዲህ ከሆነ መለኪያው በማንኛውም ነገር ባሕርይ ላይ አይደገፍም። ሐሳቡ ከሲመንስ የላቀ ነበር። እጃቸው ግን ተሳሳተ፤ ያወጡት ልኬት ሊሆን ከታሰበው ከአንድ ከመቶ ትንሽ በሚበልጥ ያነሰ ሆኖ ኋላ ተገኘ። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱን ወገን አስታረቀ። ትርጉሙን ከእንግሊዞች፣ በእጅ የሚያዘውን ከጀርመናዊው ወሰደ፤ ስሙንም «ኦም» አለው። በ1893 ቺካጎ ላይ የሜርኩሪው ዓምድ ቁመት 106.3 ሴንቲሜትር ሆኖ ተወሰነ። ሲመንስ አንድ ሜትር ካለው ብዙም አልራቀም። ዛሬ ሜርኩሪውም ተትቷል፤ ክላውስ ፎን ክሊትሲንግ በ1980 ባገኘው የኳንተም ክስተት በኩል የሚገኘው ተቃውሞ የዕቃው መጠንም የነገሩ ዓይነትም አይለውጠውም።

ታሪኩ ወደ ቀይ ባሕር የሚመለሰው በ1870 ነው። በዚያ ዓመት ግሬት ኢስተርን የተባለችው ግዙፍ መርከብ ከቦምቤይ እስከ ዓደን ኬብል ዘረጋች፤ ከዓደን እስከ ስዊዝ ያለውም ተቀጠለ፤ ሠራም። በ1879 ሌላ ኬብል ከዓደን ተነሥቶ በሶማሌ ጠረፍ ፊት ለፊት አልፎ ዛንዚባር፣ ከዚያም ሞዛምቢክና ደርባን ደረሰ። አሁን ኬብል ቢበጠስ እንኳ ነገሩ እንደ 1860ው አልነበረም። ዓደን ወይም ዛንዚባር ጣቢያ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ ጫፉን ከመሣሪያው ጋር አያይዞ ተቃውሞውን ይለካል። ለምሳሌ የአንድ ማይል ተቃውሞ 10 ከሆነና ልኬቱ 1,200 ካሳየ፣ ስብራቱ ያለው 120ኛው ማይል ላይ ነው። ስብራቱ ራሱ የሚጨምረው ተቃውሞ ስለሚኖር ከሌላው ጫፍም ይለኩና ያመሳክሩታል። የውሃው ሙቀትም በሒሳቡ ይገባል። ጥገና መርከቧ ባሕሩን በሙሉ ሳታስስ ወደዚያው ትሄዳለች።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው የእያንዳንዱ ማይል መዳብ ባሕርይ አንድ ከሆነ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ያለው መዳብ ከታሰበው አንድ አምስተኛ የከፋ ቢሆን 1,200 ማለት 100ኛው ማይል ይሆናል፤ መርከቧም ከስብራቱ 20 ማይል ርቃ፣ ጤነኛውን ኬብል ከጥልቁ እየጎተተች ታወጣለች።